ዓሣውም ባክቴሪያውም ቦታ ይመርጣል፦ በጣና ዙሪያ ስለሚካሄደው ምርምር ለቀረበ ትችት የተሰጠ ምላሽ

በጣና ዙሪያ በዓሣ እርባታ፣ በአፈር ደቂቅ ዘአካላትና በአነስተኛ ማሳ ሰብሎች ላይ የሚካሄደው ምርምር ለአርሶ አደሩ አንዳች አልፈየደም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በባሕር ዳር ባሉ የግብርና ባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው ተነቧል። መከራከሪያዎቹ አምስት ናቸው። እንደ ጣና ያለ ሐይቅ የታደለ ሕዝብ ዓሣን በኩሬ ለማርባት መድከም የለበትም፤ ማርባት ካስፈለገም ዓመታት ከሚፈጅ ጥናት ይልቅ ፈጥኖ የሚያድገውን የተሻሻለ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ከውጭ ማስገባት ይበቃል፤ በፓኬት እየታሸገ የሚቀርበው፣ ባክቴሪያ የያዘ ሕያው ማዳበሪያ በማሳ ላይ ለውጥ ስላላሳየ አርሶ አደሩን ማታለያ ሆኗል፤ እምቦጭን ሰብስቦ ማዳበሪያ ማድረግ ሐይቁንም ማሳውንም በአንድ ጊዜ ያድናል፤ በመጨረሻም ከአንድ ሄክታር በታች የሚያርስ ገበሬ ሳይንስን የሚጠቀምበት አቅም ስለሌለው የምርምሩ ገንዘብ ወደ ሰፋፊ እርሻዎች ይዙር።

ጸሐፊው ይህን የጻፉት ለአርሶ አደሩ ተቆርቁረው እንደሆነ አልጠራጠርም። በሕዝብ ገንዘብ የሚካሄድ ምርምር ምን እንዳስገኘ ይጠየቅ ማለታቸውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አምስቱም ነጥቦች ከአንድ የተሳሳተ መነሻ የተቀዱ ናቸው፤ ሕይወት ያለውን ነገር እንደ ዕቃ ይቆጥራሉ። ማጭድ ከየትም ቢመጣ ጤፍም ስንዴም ያጭዳል። ዓሣና ባክቴሪያ ግን የውኃውን ሙቀት፣ የአፈሩን ኮምጣጣነት፣ በቦታው አስቀድሞ የሰፈረውን ሌላ ሕይወት አይተው ነው የሚሠሩት ወይም የሚሞቱት። የተግባር ሥነ ሕይወት ምርምር ዋና ሥራ እነዚህን ሁኔታዎች ለይቶ ማወቅ ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ በመጋዘን ተቆልሎ ስለማይታይ ያልተሠራ ይመስላል። ነጥቦቹን በተነሡበት ቅደም ተከተል እመለከታለሁ።

ሐይቁ ይበቃናል ስለተባለው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ በአገራችን በስፋቱ ቀዳሚ የሆነ ሐይቅ ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቅ የሚባለው ቦታም 14 ሜትር አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ወደ ዘጌ ለሚመለከት ሰው የማያልቅ ሀብት መስሎ ሊታየው ይችላል። ሆኖም የዓሣውን ቁጥር የሚወስነው ዓሣው የሚራባበት ቦታ እንጂ የውኃው ስፋት ብቻ አይደለም። በገበያ ነጭ ዓሣ የምንለው የላቤኦባርበስ ወገን በጣና ቢያንስ 15 ዝርያዎች አሉት፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ይወጡና ጥሩ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በወንዞቹ አፍ ላይ ስለሚሰባሰቡ፣ በዚያ ሰሞን መረቡን እዚያ የዘረጋ አስጋሪ በአንድ ሌሊት የሚያወጣው ብዛት ሐይቁ የተትረፈረፈ ያስመስላል። ከመረቡ የሚወጣው ግን ሆዱ እንቁላል የሞላ፣ ለሚቀጥሉት ዓመታት ዘር ሊሆን የሚገባው ዓሣ ነው። ወደ ላይ ከፍ ሲሉ ደግሞ የብርብራ ፍሬ እየተወቀጠ በወንዝ ውስጥ ይበተናል፤ ብርብራ ትልቁን ከትንሹ ስለማይለይ ጫጩቱንም አብሮ ይፈጀዋል።

በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማስገር በጣና የተስፋፋው ከ1986 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የተደረገው ንጽጽር የነጭ ዓሣው ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ ማሽቆልቆሉን አሳይቷል፤ የወጣት ዓሣዎች ቁጥር ደግሞ ከዚያም በባሰ ሁኔታ ወርዷል። ይህን በገበያ ተገኝቶ በዓይን በመገመት ማወቅ አይቻልም፤ ምክንያቱም ነጭ ዓሣው ሲጠፋ አስጋሪው ወደ ቆሮሶና ወደ አምባዛ ይዞራል፣ ጀልባውም ሳይሞላ አይመለስም። መቀነሱ የታወቀው ሰዎች መረባቸውን በተለኩ ቦታዎች እየዘረጉ፣ እያንዳንዱን ዓሣ እየለኩና እየመዘኑ፣ ሆዱን ከፍተው የእንቁላሉን ደረጃ እየመዘገቡ ለዓመታት ስለሠሩ ብቻ ነው። በፊሊፒንስ ላናኦ በተባለ ሐይቅ ከጣናው ነጭ ዓሣ ጋር የሚነጻጸር፣ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ወደ ብዙ ዝርያ የተከፋፈለ የዓሣ ወገን ነበረ፤ ከውጭ በገቡ ዓሣዎችና በተጋነነ ማስገር ጠፍቷል ማለት ይቻላል። በዚህ ምክንያት የጣናው ነጭ ዓሣ በዓለም ላይ ወደር ያጣ ሆኗል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በሕግ ደረጃ ጥበቃን ደንግጓል፤ የትኛው ወንዝ በየትኛው ሳምንት ከመረብ ይጠበቅ የሚለውን ለመመለስ ግን ጸሐፊው ትርፍ ያሉትን ምርምር መጠየቅ ግድ ይላል።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። የኩሬ ዓሣ ሐይቁን አይተካም፤ አስጋሪውና ኩሬ የሚቆፍረው አርሶ አደርም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም፣ ስለዚህ መርዓዊ ላይ የተቆፈረ ኩሬ በጎርጎራ የሚዘረጋውን መረብ አይቀንስም። ነገር ግን ኩሬ የሚያስፈልገው ለሌላ ምክንያት ነው። ከሐይቁ ርቆ በቆጋ መስኖ ቦይ ዳር የሚኖር ቤተሰብ ለሕፃናቱ የሚሰጠው የእንስሳት ፕሮቲን በጣም ጥቂት ነው፤ በዐቢይ ጾም የዓሣ ዋጋ ሲንር ደግሞ ገበያው ጭራሽ አይቀመስም። ለዚህ ቤተሰብ በጓሮ ያለ ኩሬ፣ ውኃው በመጨረሻ ወደ ጎመንና ወደ ሽንኩርት መደብ የሚፈስ ከሆነ፣ ዓሣም ማዳበሪያም ይሰጠዋል። የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ፉርሽካም በየወፍጮ ቤቱ ይገኛል፤ ችግሩ መኖ ማግኘቱ ላይ ብቻ አይደለም።

ችግሩ ያለው ውኃው ውስጥ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ኩሬዎች የከሸፉት በዚህ ነው። ኩሬ ፍግ ሲጨመርበት አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴውን የሚያደርገው ቆሮሶ የሚመገበው በዓይን የማይታይ ዋቅላሚ (አልጌ) ነው። ዋቅላሚው ቀን ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት ግን ራሱም ይተነፍሳል፣ በታች የሚበሰብሰው ፍግም ኦክስጅን ይበላል። ስለዚህ ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ባለቤቱ ጠዋት ወደ ኩሬው ሲወርድ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አድርገው ሲያዛጉ ያገኛቸዋል፤ የራባቸው መስሎት ሌላ ባልዲ ፍግ ይጨምራል፤ በማግስቱ የሞቱት ይንሳፈፋሉ። በዚህ ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት በባሕር ወለል ከፍታ ያለ ውኃ በአንድ ሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በእኛ ከፍታ ከአየሩ መሳሳት የተነሣ የሚይዘው አንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ለቆላ አገር የተጻፈ የኩሬ መመሪያ ያዘዘው የፍግ መጠን እዚህ ዓሣ ሊገድል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀላሉ መፍትሔ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነው፤ ክንድን እስከ ክርን ድረስ ወደ ውኃው ማስገባትና መዳፍን ማየት። ውኃው ክርን ሳይደርስ መዳፉ ከዓይን ከተሰወረ ፍግ ማቆም፣ ጣቶች ቁልጭ ብለው ከታዩ መጨመር ይገባል።

ሙቀቱም እንዲሁ ነው። ቆሮሶ በጥሩ ሁኔታ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውኃ ነው፤ ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን እድገቱ ይጓተታል። በታኅሣሥና በጥር የባሕር ዳር ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ ነዋሪው ያውቀዋል፤ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ኩሬ ደግሞ ከሐይቁ ይልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከዚህ ሌላ ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ገና በጥቂት ወራት ዕድሜው መራባት ስለሚጀምር ኩሬው ጣት በሚያክሉ ዓሣዎች ይጨናነቃል፤ ጸሐፊው ያዩት፣ ከዓመት በኋላ ለድስት የማይበቃ ዓሣ የሰጠው ኩሬ ሳይሆን አይቀርም። ለዚህም የታወቁ መላዎች አሉ፤ ወንዶቹን ከሴቶቹ በእጅ ለይቶ ወንዶቹን ብቻ ማሳደግ፣ ወይም ጥቂት አምባዛ ጨምሮ ጫጩቱ እንዲበላ ማድረግ። አምባዛው ስንት ይሁን፣ መቼ ይግባ፣ ምን ያህል ያደገ ይሁን የሚለው ግን በዚሁ ከፍታ፣ በዚሁ ውኃ መሞከር አለበት፤ ቀድሞ የገባ ትልቅ አምባዛ የምናሳድገውንም ቆሮሶ ይበላዋልና።

የተሻሻለ ዝርያ ከውጭ እናስገባ የሚለው ሁለተኛው ሐሳብ ከአምስቱ ሁሉ ያሳሰበኝ ነው፤ ሌሎቹ ቢሳሳቱ ሊታረሙ ይችላሉ፣ ይህ ግን አንዴ ከተደረገ የሚመለስ አይደለም። የጣና ቆሮሶ ተራ ቆሮሶ አይደለም፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከሌሎቹ የናይል ቆሮሶዎች ለይተው በጣና ስም የተሰየመ ንዑስ ዝርያ አድርገው መዝግበውታል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣን ዓሣ ስለሚያግድ የሐይቁ ዓሣ ለረጅም ዘመን ለብቻው ኖሯል። ዛሬ በእስያ የሚረባው ዝነኛው የተሻሻለ ቆሮሶ ደግሞ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፊሊፒንስ የተዳቀለ ነው፤ መሠረቱ ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የተወሰዱ የዱር ዓሣዎችና በእስያ ይረቡ የነበሩ ቆሮሶዎች ናቸው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ውኃ ቢገናኙ ያለ ችግር ይዳቀላሉ።

ኩሬ ውስጥ ብቻ እናርባቸው የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ፎገራን በነሐሴ ያየ ሰው ይህን አይልም። ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ኩሬው፣ የሩዝ ማሳውና ሐይቁ አንድ ውኃ ይሆናሉ፤ በዚያ ጊዜ ለዓሣ አጥር የሚባል ነገር የለም። በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የገባው የናይል ፐርች ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሐይቁ ብቸኛ ዝርያዎች እንዲጠፉ ትልቅ ምክንያት ሆኗል። ቆሮሶ እንደ ፐርች አዳኝ አይደለም፤ የእርሱ ጉዳት በዘር መቀላቀል ስለሆነ ቀስ ብሎና ሳይታይ ነው የሚመጣው። ይህም በመሆኑ ይበልጥ ያስፈራል፤ በገበያ ላይ ማንም ልዩነቱን ሳያይ የጣናው ዓሣ ሊጠፋ ይችላል። የፊሊፒንሶቹ አዳቃዮች ራሳቸው ሥራቸውን የጀመሩት ከአፍሪካ የዱር ዓሣ በመውሰድ ነው፤ እኛ ያንን መነሻ በእጃችን ይዘን ሳለ በተሠራው እንተካው ማለት ተገቢ አይደለም።

የሚሻለው መንገድ የጣናውን ቆሮሶ ራሱን እየመረጡ ማሻሻል ነው። በየትውልዱ ፈጥነው ያደጉትን መለየት፣ በዝምድና እርባታ እንዳይዳከሙ ብዙ ቤተሰቦችን ለየብቻ መያዝ፣ የተመረጡትን እንደገና ማራባት ያስፈልጋል። አንድ ትውልድ ለመገምገም አንድ ዓመት ገደማ ቢወስድ፣ የሚጨበጥ ለውጥ ለማየት በርካታ ዓመታት መጠበቅ ግድ ነው። ጸሐፊው መጓተት ያሉት አንዱ ይህ ነው። ዓሣው የሚወልድበትን ጊዜ በጀት ማሳጠር አይችልም። በሰበታም ሆነ በባሕር ዳር ላሉት የዓሣ ምርምር ማዕከላት በየሁለት ዓመቱ ሥራ እንዲቀይሩ ከሚገፋፋ ግምገማ ይልቅ አንዱን ሥራ እስከ ዳር እንዲያደርሱ የሚያስችል ግምገማ ይሻላል።

ወደ ሕያው ማዳበሪያው ስመጣ፣ ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ አንድ አርሶ አደር ከፓኬቱ ጋር ባቄላ ዘርቶ ከጎረቤቱ የተለየ ምርት አለማግኘቱ ነው። ሰውየው ያየውን ተናግሯል፤ እኔም አምነዋለሁ። ጥያቄው ያየው ነገር ምን ማለት ነው የሚለው ነው። በፓኬቱ ውስጥ ያለው ራይዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ከጥራጥሬ ሥር ጋር ተስማምቶ በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይቀይራል። ይህ በሳይንስ ከተረጋገጠ ከ1888 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስለዚህ ሐሳቡ ማታለያ ሊሆን አይችልም። በአንድ ማሳ ላይ ሳይሠራ የሚቀርባቸው ምክንያቶች ግን ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያው ምክንያት አርሶ አደሩን የሚያስደስት ነው። ባቄላ፣ አተርና ጓያ በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ከጥንት ጀምሮ ሲዘሩ ስለኖሩ በብዙ ማሳዎች ለእነርሱ የሚስማማው ባክቴሪያ አስቀድሞ በአፈሩ ውስጥ ይኖራል። ከፓኬቱ የሚመጣው እንግዳ ከነባሩ ጋር ተሻምቶ ቦታ ማግኘት አለበት፤ ነባሩ በቁጥርም በጥራትም በቂ ከሆነ ፓኬቱ የሚጨምረው ነገር የለም። በአንጻሩ አኩሪ አተር ለአብዛኛው ማሳችን እንግዳ ስለሆነ ተስማሚው ባክቴሪያ እምብዛም አይገኝም፤ እዚያ ላይ የፓኬቱ ጥቅም ጎልቶ ይታያል። እያንዳንዱ የጥራጥሬ ወገን የየራሱ ባክቴሪያ አለው፤ ለባቄላ የተዘጋጀው ለሽምብራ አይሆንም፣ ለሽምብራ የተዘጋጀውም ለአኩሪ አተር አይሆንም። በገበያ ላይ ሁሉንም ሕያው ማዳበሪያ በአንድ ስም መጥራታችን ራሱ ብዙ ማሳ አበላሽቷል።

ሁለተኛው ምክንያት ባክቴሪያው ማሳው ሳይደርስ መሞቱ ነው። መድረስ ያለበት በሕይወት ነው። ከአከፋፋይ መጋዘን ቆርቆሮ ሥር፣ ከጭነት መኪና ላይ፣ ከገበያ መደብ ፀሐይ ላይ ለሳምንታት የከረመ ፓኬት ቀለሙ አይለወጥም፣ ሽታውም አይለወጥም፤ ሕይወቱ ግን ያልቃል። አጠቃቀሙም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዘሩ በጥላ ሥር በስኳር ውኃ ይረጥባል፣ ከዱቄቱ ጋር እያንዳንዱ ፍሬ ጥቁር እስኪለብስ ድረስ ይታሻል፣ በዚያው ዕለት በእርጥብ አፈር ይዘራል፣ ወዲያው ይሸፈናል። የፈንገስ መድኃኒት በተቀባ ዘር ላይ አይደረግም፤ ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋርም በአንድ ከረጢት አይቀላቀልም። ይህን ሁሉ ለአርሶ አደሩ በቃል አስረድቶ፣ አብሮት ዘሩን አሽቶ የሚያሳይ የልማት ሠራተኛ ከሌለ ፓኬቱ ብቻውን ከንቱ ነው። ጸሐፊው የዚህን ጥፋት በምርምሩ ላይ መጫናቸው ተገቢ አይደለም፤ ጥፋቱ በማጓጓዣና በምክር አገልግሎት ላይ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት አፈሩ ነው። በሜጫና በቆጋ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር በብዙ ቦታ ኮምጣጣ ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አልሙኒየም ከአፈሩ እየሟሟ ሥሩን ያቀጭጨዋል፣ ፎስፈረስ ተጠፍሮ ይያዛል፣ ራይዞቢየሙም ራሱ ይዳከማል። ናይትሮጅን ከአየር መያዝ ብዙ ኃይል የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ፎስፈረስ ያጣ ባቄላ ባክቴሪያ ቢጨመርለትም ሊመግበው አይችልም። ኖራ ሳይጨመር፣ ፎስፈረስ ሳይሰጥ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ፓኬት ማደል አስቀድሞ የተሸነፈ ሙከራ ነው። በፎገራ የዋልካ አፈር ላይ ደግሞ ፈተናው ሌላ ነው፤ ውኃ ሲተኛበት ባክቴሪያው የሚኖርባቸው የሥር እባጮች አየር ያጣሉ።

እንግዲህ አርሶ አደሩ ከእነዚህ የትኛው እንደገጠመው በምን ያውቃል? በሥሩ ነው። ባቄላው ሲያብብ ጥቂት ተክሎችን ግንዱን ይዞ መንቀል ሳይሆን በአካፋ ከነአፈሩ ማንሣትና በባልዲ ውኃ ውስጥ ቀስ አድርጎ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ሲነቅሉት እባጮቹ አፈር ውስጥ ይቀራሉና። ከዚያ እባጮቹን በጥፍር መሰንጠቅ ነው። ውስጡ ሥጋ የመሰለ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ቀለሙ የሚመጣው ኦክስጅንን ለባክቴሪያው እየመጠነ ከሚያቀርብ፣ ከደማችን ቀለም ጋር ከሚቀራረብ ንጥረ ነገር ነው። ነጭና ጥቃቅን ሆኖ በሥሩ ሁሉ ላይ ከተበተነ ባክቴሪያው በተክሉ ይጦራል እንጂ ተክሉን አይጠቅመውም። እባጭ ጭራሽ ከሌለ ወይ ባክቴሪያው ሞቷል፣ ወይ አፈሩ አልተቀበለውም። ፓኬት ባልነካው የማሳው ጥግ ላይ ያለው ሥርም ሮዝ እባጭ የሞላው ከሆነ፣ ይህ ማሳ ፓኬት አያስፈልገውም፤ አርሶ አደሩም ገንዘቡን ለኖራ ያውለው። ምርቱን ከጎረቤት ማሳ ጋር ማወዳደር ይህን ሁሉ አይነግረንም፤ ጎረቤቱ አምና ምን እንደዘራ፣ ፍግ እንዳደረገበት፣ አፈሩ ምን እንደሆነ የተለያየ ነውና።

ጥቅሙን በቁጥር ላሳይ። አንድ 50 ኪሎ ግራም የዩሪያ ከረጢት 23 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይዟል። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ባቄላ በአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ናይትሮጅን ከአየር ሊይዝ ይችላል፤ ይህም ከአራት ከረጢት በላይ ነው። ከዚህ ብዙው በፍሬው አብሮ ከማሳ እንደሚወጣ፣ ገለባውም ለከብት ከሄደ ለሚቀጥለው ጤፍ የሚቀረው ጥቂት እንደሆነ መናገር ይገባል። ሕያው ማዳበሪያ ዩሪያን ከገበያ ያስወጣል የሚል ነጋዴ ካለ እርሱም እንደ ጸሐፊው ተሳስቷል።

የእምቦጩን ነጥብ በአጭሩ አልፈዋለሁ። እምቦጭ ከክብደቱ ከ90 እስከ 95 በመቶው ውኃ ነው። አምስት ቶን የጫነ አይሱዙ ከ250 እስከ 500 ኪሎ ግራም ብቻ ደረቅ ነገር ይዞ ይጓዛል፤ በዚያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከአንድ ከረጢት ዩሪያ ያንሳል፤ የነዳጁን ዋጋ አንባቢ ያስላው። ዘሩም በደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል፣ በደንብ ሳይግል የተብላላ ክምር እምቦጩን ወደ መስኖ ቦዮች ማዛመቻ ይሆናል። በሐይቁ ዳር እዚያው ማብላላት ለጥቂት ቀበሌዎች ይጠቅም ይሆናል። አረሙን የሚመግበው ግን ከተራቆተው ተፋሰስ የሚታጠበው አፈርና ከከተማው የሚለቀቀው ቆሻሻ ነው፤ ያ ሳይገታ ማጨድ መጨረሻ የለውም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ትንሽ ማሳ ለሳይንስ አይመችም የሚለው፣ ነገሩን የገለበጠ ይመስለኛል። ለትንሽ ማሳ የማይመቸው ትራክተር ነው፤ ለአንድ ሄክታር 500 ግራም ገደማ የሚያስፈልገው ሕያው ማዳበሪያ ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ሲሆን 125 ግራም ይበቃዋል፣ ሥራውም አይጓደልም። ዘር፣ ባክቴሪያ፣ ጫጩት ዓሣ ተከፋፍለው የሚሠሩ ነገሮች ናቸው። የፎገራን ሜዳ ላስታውሳቸው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ክረምት ሲመጣ ውኃ የሚተኛበት ግጦሽ ነበር፤ ዛሬ የሩዝ አገር ነው፣ ወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሞባታል። ሩዙን ያስፋፉት ባለሰፊ እርሻ ባለሀብቶች አልነበሩም፤ ኤክስ ጅግና የተባለውን ዝርያ በየቁራሽ መሬታቸው ሞክረው፣ ብርዱን መቻሉንና ለእንጀራ መሆኑን አይተው የተቀበሉት አነስተኛ አርሶ አደሮች ናቸው። ሩዙ ሲነሣም በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራሉ፤ ይህን የፈረቃ አሠራር ከማንም መመሪያ አልወሰዱትም።

ግብጦም ሌላ ምሳሌ ነው። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ገበሬ ሌላ ጥራጥሬ በማይበቅልበት በደከመ ቀይ አፈር ላይ ግብጦ ይዘራል፤ ፍሬውን ቆልቶ ምሬቱ እስኪወጣ ድረስ ለቀናት ወራጅ ውኃ ውስጥ ያኖረዋል። የግብጦ ሥር እንደ ብሩሽ የተጠጋጉ ቀጫጭን ሥሮች አውጥቶ ሲትሪክ አሲድ በማመንጨት የተጠፈረውን ፎስፈረስ እንደሚፈታ፣ ናይትሮጅንም እንደሚይዝ ሳይንስ ያስረዳው ዘግይቶ ነው። በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የተጠኑት ምሬት የሌላቸው ሳናቦርና ቪታቦር ግን ከውጭ የመጡ፣ የግብጦ ዘመድ የሆነው የሰማያዊ ሉፒን ዝርያዎች ናቸው። በኮምጣጣ መሬት ላይ ባቄላ እያስገደድን ፓኬት ከማደል፣ ገበሬው የመረጠውን ተክል ይዞ ማሻሻል የተሻለ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምርምሩ ከዚህ በላይ ለግብጦ ጊዜ ቢሰጥ እደግፋለሁ።

ጸሐፊው የጠየቁት ተጠያቂነት መኖር አለበት፤ የምጠይቀው በትክክለኛው ቦታ እንዲሆን ነው። ማንኛውም ሕያው ማዳበሪያ በአንድ ቀበሌ ከመታደሉ በፊት የአፈሩ ፒኤች ይለካ፤ ፓኬቱ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን በአማርኛ ይጻፍበት፤ በእያንዳንዱ ማሳ አንድ ጥግ ሳይቀባ ይዘራና በአበባ ጊዜ ሥሩ ከአርሶ አደሩ ጋር ሆኖ ይታይ፤ ውጤቱም፣ ያልሠራውም ጭምር፣ ከሚቀጥለው መኸር በፊት ለዚያው ቀበሌ በአማርኛ ተጽፎ ይመለስ። የውጭ ቆሮሶን በተመለከተ ግን ሙከራም ቢሆን ከጣና ተፋሰስ ውጭ ይሁን፤ በተፋሰሱ ውስጥ ለማስገባት የሚቀርብ ማንኛውንም ጥያቄ የክልሉ ግብርና ቢሮ እንዳይቀበለው እጠይቃለሁ።